ዝምታው የማን ነው?

ውጭ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ የሌለው ቤተሰብ ዛሬ በየአጥቢያችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥቂት ቆም ብለው ቢመለከቱ፣ ስልካቸውን ከፊታቸው ከፍ አድርገው ይዘው «ሃሎ! ይሰማሻል? ምስልሽ ቆመብኝ እኮ!» የሚሉ እናቶችና አባቶች አያጡም። አንዳንዴ ጥሪው በሳቅና በምርቃት ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አንድ የማይመች ነገር በልብ ይቀራል። «ልጄ ተቀይራለች»፣ «ባለቤቴ እንደ ቀድሞው አያዋራኝም»፣ «ስለ ቤት ኪራዩ ሳነሣበት ወንድሜ ዝም አለኝ» የሚል ቅሬታ።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም እንዲህ ያለ ቅሬታ በልብዎ ይዘው ከሆነ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር እንዲጠይቁ ይህ ጽሑፍ ይጋብዝዎታል። ያ ዝምታ የማን ነው? የሰውዬው ነው ወይስ የመስመሩ?

ከሰከንድ አንድ አምስተኛ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንዱ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሌላው እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተመረጡ 10 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ፣ ክፍተቱ በአማካይ ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጃፓኖች ፈጠን፣ ዴንማርኮች ዘግየት ይላሉ እንጂ ልዩነቱ ጥቂት ነው። አማርኛ ከ10ሩ መካከል አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁለት ሐበሾች ሰላምታ ሲለዋወጡ የሰማ ሰው እኛን ከዘገምተኞቹ ወገን አይመድበንም። «እንዴት ነሽ? ደኅና ነሽ? ልጆቹስ?» ሲባል መልሱ የሚጀምረው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» በ«እግዚአብሔር ይመስገን» ላይ ይደራረባል። ሰላምታችን የሚሞቀውም በዚሁ መደራረብ ነው። እየሰማን መሆናችንን የምንገልጸው በመካከል ጣል በምናደርገው «እህ»፣ «ውይ»፣ «እሰይ» ነው። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልባትን ድምፅማ የውጭ አገር ሰው ሲሰማት የደነገጥን ይመስለዋል።

አሁን ይህንን ጨዋታ በስልክ መስመር ላይ ያድርጉት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይፈጅ ለውይይት የተመቸ ነው (አንድ ሰከንድ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ነው)። ከ400 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ግን መስመሩ ለንግግር አይመችም። እኛ በለመድነው የቪዲዮ ጥሪ ድምፁ ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ግማሽ ሰከንድ ምን አላት ይሉ ይሆናል። መዘግየቱ ሁለት ጊዜ የሚከፈል መሆኑን ልብ ይበሉ። ጥያቄዎ ለመሄድ ግማሽ ሰከንድ፣ መልሱ ለመምጣት ሌላ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። እርስዎ ተናግረው ጨርሰው መልስ እስኪሰሙ አንድ ሙሉ ሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። ልጅዎ ግን ጥያቄው እንደ ደረሳት ወዲያው መልሳለች። በእርስዋ በኩል ዝምታ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ዝምታው ያለው በእርስዎ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው። እርስዋም ስትጠይቅዎ እንዲሁ የእርስዎን ዝምታ ትሰማለች።

ነገሩ የሚከብደው ልመና ሲኖርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ጃፓንኛ ተናጋሪዎችን ፈትሾ ነበር። አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ተለምኖ «እሺ» ቢልም፣ ከ«እሺ»ው በፊት ያለው ዝምታ እየረዘመ በሄደ ቁጥር አድማጮች ፈቃደኝነቱን እየተጠራጠሩት ሄዱ። ሦስቱም ሕዝቦች በዚህ አንድ ናቸው። እኛም ብንሆን «ቶሎ እሺ አላለም» ማለት «አልፈለገም» ማለት መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን።

እንግዲህ በአገራችንና በውጭ ባሉት ወገኖች መካከል ስንት ልመና በስልክ እንደሚያልፍ ያስቡ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ፣ የቤት ኪራይ አለ። ጠያቂው ከአንገቱ ተሰብሮ፣ ይሉኝታውን ውጦ ነው የጠየቀው። በዚያች ቅጽበት መስመሩ አንድ ሰከንድ ቢይዝበት ያች ሰከንድ ዓመት ትሆናለች። ወንድሙ «እሺ፣ ዓርብ እልክልሃለሁ» ቢለው እንኳ «ከአንጀቱ አይደለም» የሚል ነገር ልቡ ላይ ይቀመጣል። ጀርመን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። በዘገየ መስመር የተነጋገሩ ሰዎች የዘገየው መስመሩ መሆኑን አላስተዋሉም፤ ከወዲያ ያለውን ሰው ነበር ትኩረት የማይሰጥና ብዙም ወዳጅነት የማያሳይ አድርገው የገመቱት።

ካህኑ ዔሊ በሴሎ የገጠመው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሐና በልብዋ ስትጸልይ ዔሊ የአፍዋን እንቅስቃሴ አየ፣ ቃሏን ግን አልሰማም። በዘመኑ አነጋገር ምስሉ ደርሶታል፣ ድምፁ ግን ተቋርጧል። የጎደለውንም በራሱ ግምት ሞላውና ሰካራም ናት ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1፥12-17)። ዔሊ ሐናን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ያዳነው እርስዋ ዝም ብላ አለመሄድዋና እርሱም ስትነግረው መስማቱ ነው። ነገሩን ስታስረዳው ግምቱን ትቶ በሰላም ሸኛት።

ድምፁ በመንገድ ላይ የሚያገኘው

ጥፋተኛው ርቀቱ ይመስለናል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ርቀቱ ብቻውን 60 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ኬብሉ ቀጥታ አይሄድም። የባሕር በር የሌላት አገራችን ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እንደ ሆነው ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ ደግሞ የአካባቢው መስመር ሁሉ ይጨናነቃል። አብዛኛው መዘግየት ግን የሚገባው ከቤታችን አጠገብ ነው። ማማው በሰው ብዛት ይጨናነቃል፤ አንዱን ዋይፋይ አሥር ሰው ይጋራዋል፤ ስልኩም ያረጀ ይሆናል።

ድምፅዎ የሚጓዘው እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ በሚያህሉ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ነው የሚላከው። አንድን ደብዳቤ ቀዳደው እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ ታክሲ እንደ መላክ ይቁጠሩት። አንዱ ታክሲ ይቀድማል፣ ሌላው መብራት ይይዘዋል፣ ሌላው ጭራሽ አይደርስም። ተቀባዩ ስልክ ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል ለማሰለፍ ጥቂት መጠበቅ አለበት። ብዙ ከጠበቀ ንግግሩ ይዘገያል፤ ትንሽ ከጠበቀ ድምፁ ይቆራረጣል። ምስሉ ደግሞ ከድምፁ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ዳታ ስለሚበላ፣ መንገዱ ሲጠብ በቅድሚያ የሚደርቀው ፊት ነው።

ሌላም አለ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ሆኖ ሁለት ሰዎች አብረው ሲናገሩ፣ የገደል ማሚቶ እንዳይፈጠር ብዙ ስልኮች አንዱን ዝቅ አድርገው ሌላውን ያሰማሉ። ተደራርቦ የሚሞቀው ሰላምታችን ተራ በተራ እንዲሆን ይገደዳል። ጫጫታ ለመቀነስ የተሠራው ዘዴም የሰው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ያች በትንፋሽ የምንላት «አዎ» ብዙ ጊዜ ከጫጫታው ጋር ተጠርጋ ትቀራለች። እናት በጥሞና እየሰማች «አዎ» ስትል ልጅ ከወዲያ ምንም አትሰማም። «እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?» ትላለች። ይህ በአንድ ጥሪ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ማን አይሰለቸውም?

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ በየቤታችን ሆነን በስልክና በኮምፒዩተር ስንሰበሰብ ይህን ሁላችንም ቀምሰነዋል። ሰብሳቢው «ድምፃችንን ከፍ አድርገን በአንድነት እንጸልይ» ሲል መሣሪያው አንዱን መርጦ ሌላውን ዋጠ። መዝሙሩም እንዲሁ ነበር፤ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች ሊታገሡት የሚችሉት መዘግየት ከ30 ሚሊ ሰከንድ ብዙም አያልፍምና፣ ጭብጨባው እየተንጠባጠበ «አሜን»ም አንድ በአንድ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች «መንፈሳዊ ድርቀት ነው» ብለው ራሳቸውን ወቅሰዋል። ድርቀቱ ከፊሉ የኔትወርክ ነበር ቢባል ድፍረት አይመስለኝም።

የቆመ ፊት

ስለ ምስሉ ደግሞ ጥቂት እንበል። የስልክዎ ካሜራ ከላይ ነው፣ የሚያነጋግሩት ሰው ዐይን ግን ከመስተዋቱ መካከል ነው። ዐይኑን ትኩር ብለው ሲያዩት እርሱ የሚያይዎ ወደ ታች ሲመለከቱ ነው። በእኛ ባህል ለታላቅ ዐይንን ዝቅ ማድረግ አክብሮት ነው፤ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ግን ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋናውን ነገር ሲናገሩ፣ «ናፍቀሽኛል» ወይም «ይቅር በይኝ» ሲሉ፣ ካሜራውን ይዩ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ የሚያሳስብ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ላይ የሚፈጠር ትንሽ መቆራረጥ አንድም ቃል ሳይጠፋ እንኳ ሰዎች በሚያነጋግሩት ሰው ላይ ያላቸውን ስሜት እንደሚያበላሽ አገኙ። ቪዲዮ ሰውየው ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ያስመስለናል። ፊቱ ድንገት ሲደርቅ ወይም ሲዛባ ያ ስሜት ይሰበርና አንድ የሚያስደነግጥ እንግዳ ነገር ይተካል። ተመራማሪዎቹ የሥራ ቃለ መጠይቅን፣ የሐኪም ምክርን፣ በኬንተኪ ግዛትም እስረኞች በአመክሮ ይፈቱ እንደ ሆነ የሚታይባቸውን ችሎቶች ተመልክተዋል። መስመሩ የተቆራረጠባቸው እስረኞች የመፈታት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ውሳኔ ሰጪዎች የተቀመጡበት ወንበር ላይ ይህ ከሆነ፣ በናፍቆትና በድካም መካከል ስልክ የያዘ ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይገምቱ።

ከስልኩ የሚሸሸው ልጅ

ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እናቶችን ልጆች የሚያሳድጉ አያቶች በየማኅበረ ምእመናኑ አሉ። እናቲቱ ከሥራዋ ሰዓት ሰርቃ ትደውላለች። ሕፃኑ ግን ስልኩን አይቶ ይሸሻል። አያት ታፍራለች፤ «ና እንጂ! እናትህን ሳማት!» ብላ ትጎትተዋለች። እናት ከወዲያ «ረሳኝ» ብላ ታለቅሳለች። ምናልባት ከዚህ የሚበልጥ ኀዘን ስልክ አላመጣብንም።

ይህች እናት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ሁለት ወር ገደማ የሆናቸው ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር በቴሌቪዥን መስተዋት አገናኝቶ ነበር። እናት በቀጥታ ስታጫውተው ሕፃኑ ይፈነድቅ ነበር። የዚያችው እናት የዚያው ፈገግታ ተቀድቶ ቆይቶ ሲታይለት ግን ይከፋውና ፊቱን ያዞር ነበር። ፊቱ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ የጠፋው እርሱ ሲስቅ ወዲያው የሚስቅለት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሌላ ጥናትም ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ አዲስ ቃል እንደሚማሩ፣ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን እንደማይማሩ አሳይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ቴሌቪዥንና ስልክ እንዳይታይ ሲመክር ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል።

መስመሩ ሲዘገይ ግን ቀጥታው ጥሪ እንደ ተቀዳው ይሆናል። ልጁ እጁን ያወዛውዛል፣ እናቱ መልሳ የምታወዛውዘው እርሱ ከተወ በኋላ ነው። የሚሸሸው እናቱን አይደለም፤ ያንን መልስ የማይሰጥ ምስል ነው። ስለዚህ አያት ሆይ፣ አይጎትቱት። ስልኩን እርሱ በሚጫወትበት አጠገብ አቁመው እርስዎ ከእናቱ ጋር ይጫወቱ። እናቱ ያለችውን እርስዎ ደግመው ይንገሩት፤ «እማዬ ኳስህን አሳየኝ አለች» ይበሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ረጅም ጥሪ ከማድረግ ይልቅ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት በማለዳ አምስት አምስት ደቂቃ ቢደጋገም ለሕፃን ይሻላል።

ሁሉ ነገር የመስመሩ ነው ለማለት ግን አይደለም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት በአጭሩ «ደኅና ነኝ» ብቻ የምትል፣ ሁልጊዜ ምስሉን የምትዘጋ ከሆነ፣ ከአጠገብዋ ሰው ቆሞባት ወይም ፊትዋ ላይ እንዲታይ የማትፈልገው ነገር ኖሮ ይሆናል። በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቋት፤ «ሰው አለ?»፣ «ማታ ልደውል?» ይበሉ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ተዘግቶ ስለ ኖረ፣ ብዙዎች ሌሎች መተግበሪያዎችን የሚጠቀሙት አማራጭ አጥተው ነው። «ለምን በዚያኛው አትደውይም?» ብሎ መቆጣት አይገባም።

ምስሉን መዝጋት

ለአብዛኛው ችግር ያለን መድኃኒት ትሑት ነው፤ ምስሉን መዝጋት። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ንፍገት እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ግን ሰዎች የሌላውን ስሜት በድምፅ ብቻ ሲሰሙ ምስልም ሲታከልበት ከሚያደርጉት ይልቅ አጥርተው እንደሚረዱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም ሰዎችን የሚያቀራርበው በዋናነት ድምፅ መሆኑን፣ ምስል መጨመሩ በመቀራረቡ ላይ ያን ያህል እንደማያክል ገልጿል። እንግዲህ በምስል ሰላም ይባባሉ፤ ፊት ለፊት ተያዩ፤ ሕፃኑን፣ አዲሱን መጋረጃ፣ የወለደችውን ላም ያሳዩ። ከዚያ ከባድ ወሬ ሲመጣ ምስሉን ዘግተው በጆሮ ማዳመጫ ይነጋገሩ። መርዶን በስልክ አለመንገር የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ ይጠበቅ። የባልና ሚስት ጠብም በሚቆራረጥ ቪዲዮ ላይ ባይጀመር መልካም ነው።

ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ በጽሑፍ ወይም በተቀዳ ድምፅ ቢልኩት ተጠያቂው አስቦ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል፤ እርስዎም ዝምታውን ቁጭ ብለው አይቆጥሩም። ሲነጋገሩም ከጥያቄዎ በኋላ በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ሰምቶ ሳይጨርስ የሚመልስ ሰው ሞኝነት እንደሚሆንበት መጽሐፈ ምሳሌ ያስጠነቅቃል (ምሳ. 18፥13)። ስሜትዎንም በግልጽ ይናገሩ። ፊት ለፊት ቢሆን በዐይንና በእጅ የሚነገረውን እዚህ አፍ ነው የሚናገረው። «ዝም ያልኩት እያለቀስኩ ስለ ሆነ ነው» ካላሉ፣ ከወዲያ ያለው ሰው ኔትወርኩ የጠፋ ይመስለዋል።

ሐዋርያው ዮሐንስ ለወዳጆቹ ሲጽፍ ብዙ የሚለው ነገር እያለ በቀለምና በወረቀት ሊጨርሰው አልፈለገም። ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው ተስፋ አደረገ (2ኛ ዮሐ. 12፤ 3ኛ ዮሐ. 13-14)። ግን ደብዳቤውን አልተወውም፤ የሚቻለውን ጽፎ የቀረውን ለመገናኛው ቀን አቆየው። ጳውሎስም ከተሰሎንቄ ሰዎች በአካል እንጂ በልብ እንዳልተለየ ነግሯቸው፣ ፊታቸውን ለማየት ሌትና ቀን ይጸልይ ነበር፤ እስከዚያው ግን ጢሞቴዎስን ላከ (1ኛ ተሰ. 2፥17፤ 3፥1-10)። ወደ አረጀው ያዕቆብ የመጣውን የምሥራችም ያስታውሱ። ልጆቹ ዮሴፍ በሕይወት አለ ብለው ሲነግሩት ልቡ ደነዘዘ፤ ቃሉ ብቻ አልበቃውም። መንፈሱ የታደሰው ዮሴፍ የላካቸውን ሰረገሎች በዐይኑ ባየ ጊዜ ነው (ዘፍ. 45፥26-28)።

ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ለሚሄድ መንገደኛ በርበሬና ሽሮ የሚያስይዙ ከሆነ፣ ልጁን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ይሣሉና ከዕቃው ጋር ይጨምሩት። በቪዲዮ ፊቱን እንጂ እግሩን አይታው አታውቅም። ጫማ ስትገዛለትም ቁጥሩን አትገምትም።